የቦራ ጉሮሮ

ባለፈው ጥቅምት፣ ወልድያ ቤቴ በረንዳ ላይ ከስፌት ማሽኔ ጎን ተቀምጬ፣ መዳፍ የምትሞላ አንዲት ክብ ጥቁር ነገር በስስ ብርጭቆ ወረቀት አሻሽ ነበር። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዳመላለስኩት ከጣቶቼ ሥር ሽታ ተነሣ፤ የተቃጠለ ቀንድ የሚመስል፣ ትንሽም ዓሣ ዓሣ የሚል፣ ድሮ የመብራት ማብሪያ ይሠራበት የነበረው ያ ጠንካራ ፕላስቲክ ሲሞቅ የሚሸተው ሽታ። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ «ምን እያቃጠሉ ነው፣ እትዬ ፋጤ?» አለችኝ። እኔ ግን እንኳን ልመልስላት አፍንጫዬን ወደ እጄ አስጠግቼ ደጋግሜ እስበው ነበር፤ የአባቴ ቀኝ አውራ ጣት ዕድሜውን ሙሉ የሸተተው እንዲህ ነበርና።

ነገርየዋ የመኪና መሪ መሃል ላይ የምትቀመጥ የክላክስ ቁልፍ ናት። ዕድሜዬን ሙሉ የልብስ ቁልፍ ስተክል ኖሬ በስተርጅና የክላክስ ቁልፍ መጠገኔ የሰፈሩ መሳቂያ አድርጎኝ ሰንብቷል። መኪናዋ የአባቴ የይመር ናት፤ መርሳ፣ ወንድሜ ሰይድ በሚኖርበት በአባታችን ግቢ፣ ማንጎው ሥር ከቆመች ብዙ ዘመን ሆኗታል። በዚያ በጦርነቱ ክፉ ጊዜ ጎማዋም ባትሪዋም ተዘርፎ ሄደ። የክላክስ ቁልፏን የነቀላት ሰው ግን ለምንም እንደማትሆነው ሲያውቅ ወርውሯት ኖሮ፣ ሰይድ ከዶሮዎቹ ቆጥ ሥር ተሰንጥቃ አገኛትና በጨርቅ ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ አኖራት።

እኔም አልነካት ነበር፣ እቴ በላይነሽ ቀሚስ ልታሰፋ ባትመጣ። እቴ በላይነሽ የአያ አስፋው ልጅ ናት፤ ዛሬ እሳቸውን የምትጦረውም እሷ ናት። አያ አስፋው ከሲሪንቃ ወደ መርሳ ሲመጡ ካለችው ቁልቁለት ሥር፣ መንገድ ዳር የሚኖሩ፣ ዘጠናን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው፤ ዐይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፣ አሁን አሁን ደግሞ ትናንትና ዛሬ ተቀላቅሎባቸው የልጆቻቸውን ስም ሳይቀር ይስታሉ። አንድ ነገር ግን አይስቱም። ፀሐይ ማዘንበል ስትጀምር በረንዳቸው ላይ ሆነው፣ ጆሯቸውን ወደ መንገዱ አዙረው «ይመር ገባ እንዴ?» ይላሉ። አባቴ ከሞተ ስንት ክረምት አልፏል፤ ቀብሩ ላይ እሳቸውም ቆመው አልቅሰዋል። መጀመሪያ ሰሞን «ይመርማ ሞቷል» ብለዋቸው ነበር፤ እንደ አዲስ መርዶ ተንሰቅስቀው አለቀሱ፤ በማግሥቱ ግን ረስተውት እንደገና ጠየቁ። ሰውን በየቀኑ ማርዳት ግፍ ነውና ልጆቻቸው «ገና ነው፣ አባባ» ማለት ለመዱ።

«ገና ነው ስላቸው ደግሞ አይገቡም» አለችኝ እቴ በላይነሽ፣ ያልተዘመዘመው ቀሚስ ትከሻዋ ላይ እንደተንጠለጠለ። «ብርዱ ሲመጣም አይገቡም። ይመር ሰላም ሳይለኝ አያልፍም እያሉ እዚያው ይቀመጣሉ። ደረታቸውን ብርድ እየመታው ነው። እንዲያው ያቺ ቦራ አንድ ጊዜ እንኳ ድምጿን ብታሰማቸው፣ ፋጤ፣ በሰላም ይገቡ ነበር።»

ቦራ ብሎ ስም ያወጣላት አባቴ ነው። ደሴ ይኖር ከነበረ አንድ ጣሊያን ሲገዛት መላ አካሏ ቡናማ ነበር፤ የፊት ክዳኗ ብቻ ተጋጭቶ ተቀይሮ ስለነበር ነጭ ነው፤ ግንባሩ ነጭ የሆነን ፈረስ ቦራ ይሉት የለ፣ በዚያው ጸና። አራት ሰው እንድትይዝ የተሠራች ትንሽ መኪና ናት፤ አባቴ ግን በገበያ ቀን ከነዶሯቸው ከነቅቤ ቅላቸው ሰባት ስምንት ሰው ያጭቅባትና ጠዋት ከመርሳ ወልድያ፣ ከሰዓት ደግሞ ከወልድያ መርሳ ይመላለስ ነበር። ትምህርት በሌለ ቀን እኔ ከፊት፣ በእሱና በአንድ ወፍራም ተሳፋሪ መሃል ተጣብቄ እሄዳለሁ። እናቴ «ሴቷን ልጅ ሾፌር ሊያደርጋት ነው» እያለች ታጉረመርማለች፤ አባቴ ይስቃል፤ ቦራ ውስጥ የቤንዚን፣ የብርቱካን ልጣጭና የረጠበ ጋቢ ሽታ ተቀላቅሎ ይታፈናል፤ እኔ ከዚያ የሚበልጥ ሽቶ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ቁመቴ ከመሪው እኩል ስለነበር መንገዱን አላየውም። የማየው ቁልፏን ነው። ጥቁር ክብ ሆና ላይዋ እንደ ብርጭቆ የሚያሳይ ጉብታ ክዳን ነበራት፤ ከክዳኑ ሥር በቀይ መደብ ላይ ወርቅማ የፈረስ ራስ አለ፤ ከሲሪንቃ ስንወርድ የከሰዓት ፀሐይ በቀኝ መስኮት ገብታ ስታርፍባት ፈረሱ እሳት ውስጥ የቆመ ይመስል ነበር። የሚጮኸው ያ ፈረስ ነው ብዬ አምን ነበር። አባቴ ሲጫነው ያመዋል ወይስ ደስ ይለዋል ብዬ ስንት ሌሊት ተጨንቄያለሁ፤ ሳር ብሰጠውስ ብዬ አንድ ቀን አንዲት ሰበዝ በክዳኑ ጠርዝ ልሰገስግ ስል ተይዣለሁ።

ቦራ ሁለት ድምፅ ነበራት። በቁልፏ ዙሪያ ያለውን ቀጭን የብረት ቀለበት ሲጫኑት የሚወጣው ኃይለኛው ነው፤ ለጠመዝማዛ፣ ለከብት፣ መንገድ ላይ ኳስ ለሚያንከባልል ልጅ። መሃል ያለችውን ቁልፍ ሲጫኗት የሚወጣው ግን ወፈር ያለ፣ ዝግ ያለ፣ ከደረት የሚወጣ ድምፅ ነበር፤ የሠሯት ፈረንጆች ለከተማ ያሰቡት ነው አሉ፣ የተኛ እንዳይቀሰቅስ። አባቴ ሌላ ሥራ ሰጠው። በእኛ አገር ታላቅ ሰው ቆሞ ሳለ በበቅሎ ሆኖ እንኳ ዝም ብሎ አይታለፍም፤ ይወርዳሉ፣ ያቀረቅራሉ፣ እንደምን ዋሉ ይላሉ። አባቴ መኪና ከያዘ በኋላ ይህ ነገር እንቅልፍ ነሣው። በየሽማግሌው ፊት እየወረደ ወልድያ መቼ ሊደርስ ነው? ሳይወርድ ማለፍ ደግሞ የአሳዳጊ ነውር ነው። እንዲህ ያለ ጭንቅ ሰውን ያስጨንቅ ነበር ብል ዛሬ ማን ያምነኛል?

ያገኘው መላ ይህ ነው፦ ታላቅ ሰው ሲያይ የቦራን ፍጥነት ይቀንሳል፣ ቆቡን ከፍ ያደርጋል፣ አንገቱን ሰበር ያደርግና መሃለኛዋን ቁልፍ በአውራ ጣቱ ይጫናል። ያቺ አውራ ጣት ከቁልፏ ላይ ጠፍታ አታውቅም፤ ልትጫን ስትል ትንሽ ትቁነጠነጥ ነበር፤ የሾፌር ዐመል ነው ብዬ ዝም እላለሁ። ከዚያ ድምፁ ይወጣል። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! መንገድ ዳር ጀርባውን ሰጥቶ የሚሄደው ሽማግሌ ዞር እንኳ ሳይል ዱላውን ከፍ ያደርጋል። ቄሱ መስቀላቸውን፣ ሼህ ይማም መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን ያነሣሉ፤ ሼህ ይማም እንዲያውም ለመኪና «ወአለይኩሙ ሰላም» ብለው ሲመልሱ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንዲት አውራ ጣት ቁልፍ ስለነካች ከወልድያ እስከ መርሳ ያለ ዱላ ሁሉ በመስኮቱ አናት ሲነሣ የማየው እኔ፣ አባቴ ንጉሥ ሳይሆን አይቀርም ብዬ በፍርሃት አየው ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን አያ አስፋው። አባቴን በዕድሜ ይበልጡታል፤ የብርቱካን አትክልት ነበራቸው፤ እኛ እስላም እነሱ ክርስቲያን፣ በዓላችንን ግን አንዱ ያለ አንዱ ውለነው አናውቅም። በየቀኑ ከሰዓት ደጃቸው ላይ፣ ድንጋያቸው ላይ ይቀመጣሉ። አባቴ ከቁልቁለቱ አናት ሲደርስ ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተሩን አጥፍቶ ማርሹን ነፃ አውጥቶ ፎሌ ያደርገዋል፤ ቦራ ያለ ድምፅ ትንሸራተታለች፤ የሚሰማው የጎማው ሹክሹክታ ብቻ ነው። ደጃቸው ጋ ስንደርስ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ያ ወፍራም ድምፅ ይወጣል፣ የአያ አስፋው ዱላ ይነሣል፣ እኛ እናልፋለን። በቃ፣ ሌላ የለም። ግን እሳቸው ለሰው ሁሉ «ይመር ሰላም ሳይለኝ ፀሐይ አትገባም» እያሉ ይኩራሩበት ነበር።

በላይነሽን ለጋብቻ የጠየቁት ሽማግሌዎች የመጡት ከውርጌሳ ነው። ወጉ አልቆ፣ የሙሽራው አባት ቤቱንና አትክልቱን ሊያዩ በገበያ ቀን መጡ፤ አያ አስፋውም ከመርሳ ገበያ ድረስ ወርደው ተቀበሏቸውና፣ ሳይሸጥ የቀረ ሁለት ቅርጫት ብርቱካን የተጫነች አህያ ከፊት አስቀድመው ወደ ቤት ያመጧቸው ነበር። ደጃፋቸው አካባቢ ሲደርሱ ከቁልቁለቱ ላይ ቦራ ብቅ አለች። በኋላ እንደሰማነው አያ አስፋው አማቻቸውን ክንዳቸውን ይዘው አቁመዋቸዋል። «ቆይ እንግዲህ» አሏቸው፣ «ይህች የይመር መኪና ናት። ለእኔ የሚላትን ስሙ።»

እኔ በዚያን ቀን እንደ ወትሮዬ ከፊት ነበርኩ። አባቴ ቆቡን ሲያነሣ፣ አንገቱን ሲሰብር አየሁ፤ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬም ስለነበር የአያ አስፋው ዱላ ግማሽ መንገድ ተነሥታ ስትጠብቅ አየሁ። አባቴ ተጫነ። ምንም የለም። ደግሞ ተጫነ። ምንም የለም። ቦራ እየቀረበች ነው፣ ዱላዋ አየር ላይ ቆማለች፣ የእንግዳው ዐይን አንዴ ወደ ዱላዋ አንዴ ወደ መኪናዋ ይመላለሳል፤ አባቴ ላብ አጥምቆት፣ እጁ ተደናብሮ፣ በመዳፉ ሙሉ መታው፤ ቀለበቱን። ያ የከብት፣ የአህያ፣ የወሮበላ ልጅ ማባረሪያ ጩኸት በሁለቱ ሽማግሌዎች ፊት ላይ ፈነዳ። አህያዋ ተፈናጥራ ጭነቷን ጣለች፤ ብርቱካኑ ቁልቁል ተንከባለለ፤ የውርጌሳው ሰው ከነነጭ ጋቢያቸው ዘለው ቦይ ውስጥ ገቡ። ተሳፋሪው ሳቅ አምልጦት ነበር፤ የአባቴን ፊት ሲያይ ዋጠው።

አባቴ ወርዶ እስኪደርስ እንግዳው ከቦዩ ወጥተው ጭቃቸውን ያራግፉ ነበር። «በአገርዎ እንዲህ ነው የሚያከብሩዎት፣ አያ አስፋው?» አሉ። አያ አስፋው አባቴን አላዩትም። «ለአህያዋ ከሆነ ሰምታለች» ብለው ብቻ ወደ ግቢያቸው ገቡ።

የውርጌሳው ሰው እህል ሳይቀምሱ ተመለሱ፤ በማግሥቱም «ነገሩን እናስብበት» የሚል መልእክት ላኩ። በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለሙሽራ መንገር አያስፈልግም። በጎረቤቱ የማይከበር ሰው ልጁን በምን አሳድጓት ይሆን ማለታቸው ነው። በላይነሽ ቤት ዘግታ አለቀሰች። አያ አስፋው ከሰዓት ከሰዓት ድንጋያቸው ላይ መቀመጣቸውን አልተዉም፤ ግን ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው። ይህን አስቡት፤ ላለመቀበል እንኳ ሰዓቱን ጠብቀው ይወጡ ነበር። አባቴ በዚያች ጀርባ ባለፍን ቁጥር ያንሳል፤ ለራት የቀረበለትን ሳይነካ ይነሣ ጀመር፤ ቦራም ሰላም የማትል መኪና ሆነች፣ ጉሮሮዋን ሊፈታ እጁ እንቢ ብሎት።

ያስታረቁን ሼህ ይማም ናቸው። ሁለቱንም ወገን፣ የውርጌሳውንም ሰው አስጠርተው ዋርካ ሥር አስቀመጡ። አባቴ ይናገር ሲባል አልተናገረም። ቦራን አስገፍቶ አመጣ፣ የእናቴን ነጠላ መሬት ላይ ዘረጋ፣ ከአያ አስፋው ግቢ አንድ ሎሚ ያምጡልኝ አለ፤ ከዚያ በካራ ጫፍ ቁልፏን ፈልቅቆ ዕቃዋን አንድ በአንድ ነጠላው ላይ ደረደረ። ሽማግሌዎቹ ቀስ በቀስ ከድንጋያቸው እየተነሡ ጎንበስ አሉ። እኔ በእግራቸው መሃል ሾልኬ ገባሁ፤ ፈረሱን ፈልጌ። ፈረሱ ሥዕል ብቻ ሆነብኝ፤ ከሥሩ ያለው ግን ከፈረስም በለጠብኝ፤ ለሁለት የተቆረጠች እንደ ፀጉር የቀጠነች ሞላና የጠቆሩ ሁለት የመዳብ ጠብታዎች። አያ አስፋው አንዷን መዳብ በመዳፋቸው አንሥተው ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ይህች ምስር የምታህል ነገር ናት እኔን ከአማቼ ያጣላችኝ?» አሉ።

መጀመሪያ የሳቁት የውርጌሳው ሰው ናቸው። አባቴ መዳቦቹን በሎሚው አሽቶ እንደ አዲስ አበራቸው፤ «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» አሉ ሼህ ይማም፤ ለተቆረጠችው ሞላ ደግሞ የደረት ኪሳቸውን እስክሪብቶ ፈትተው የውስጧን ሰጡት፤ «እኔ በእርሳስ እጽፋለሁ» ብለው። ቁልፏ ስትገጠም ፍርዱን ሰጡ፤ እንግዳው ወደ ኋላ ሳያዩ በመንገዱ እንዲሄዱ፣ አባቴም ከኋላቸው ሰላም እንዲላቸው። ሰውየው ጋቢያቸውን አጣፍተው መንገድ ጀመሩ፤ ቦራ ተገፍታ ያለ ድምፅ ተከተለቻቸው። ድምፁ ሲወጣ፣ ፈተና ላይ መሆናቸው ጠፍቷቸው ዱላቸውን ከፍ አድርገው «እግዜር ይመስገን» ብለው መለሱ። ሼህ ይማምም «ታማ ነበር፤ የታመመ ሰላም ባይል አይወቀስም» ብለው ጨረሱት። አያ አስፋውና አባቴ ተቃቀፉ። በላይነሽ ውርጌሳ የገባችው በቦራ ነው፤ አባቴ በመንገዱ ላለ ሽማግሌ ሁሉ በእሷ ስም ሰላም እያለላት፣ እኔም ከቬሏ ሥር ተደብቄ።

እንግዲህ ባለፈው ጥቅምት በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ የማሻሸው ይህችን ነው። ስንጥቁን በሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ በሚደርቅ ማጣበቂያ ሞልቼ፣ ሲደርቅ ከጥቁሩ ጋር እኩል እስኪሆን ፋቅሁት። ዳመና ለብሶ የነበረውን ክዳን በጥርስ ሳሙና ደጋግሜ ስወለውለው ፈረሱ ከጭጋግ እንደሚወጣ ቀስ ብሎ ብቅ አለ፤ የተላጠ ወርቁን በእህቴ ልጅ የጥፍር ቀለም ሞላሁለት። መዳቦቹን በሎሚ። የሼህ ይማም እስክሪብቶ ሞላ ዝጋ አልቃ ነበር፤ በምትኳ የስፌት ማሽኔን የክር መወጠሪያ ሞላ ፈትቼ ገጠምኩ፤ ልክክ አለች። ድምፁ የሚወጣበትን ጥሩምባ ደግሞ ከቦራ አስፈትቼ ወልድያ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ለሚሠራ ኑርዬ ለሚባል ወጣት ወሰድኩለት። ሲፈታው ተርብ የሠራችው የጭቃ ቤት ተፍረክርኮ ወረደ። «እትዬ፣ ከምንደክም የባጃጅ ክላክስ ልግጠምልዎት፣ አንደኛ ነው» አለኝ። እንቢ አልኩ። ባትሪ አገናኝቶ ከጀርባው ያለችውን ብሎን በጥቂት በጥቂቱ ያዞር ጀመር፤ እኔ ዐይኔን ጨፍኜ ወፈር፣ ቀጠን፣ ትንሽ መለስ እላለሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ «በቃ፣ እሷ ናት» ብዬ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ኑርዬም እጁን ከብሎኑ አነሣ።

ሞተሯ ገና አልተነሣም፤ ግን አባቴም ያንን ቁልቁለት የሚወርደው በፎሌ አልነበር? ሰይድ ጎማና ባትሪ ተውሶ፣ ፍሬኗን አሠርቶ፣ በጓደኛው ፒክ አፕ አስጎትቶ ቁልቁለቱ አናት ላይ አቆማት። መሪውን ያዝኩት እኔ ነኝ፤ እናቴ የፈራችው አልቀረም። ሰይድ ከጎኔ ሆኖ የእጅ ፍሬኑን ጨብጦ ቢስሚላሂ ይላል። ፀሐይ አዘንብላለች። ባጃጁም አውቶቡሱም ጭነቱም እየጮኸ ያልፈናል፤ ዛሬ በዚህ መንገድ ላይ የማይነፋ ክላክስ የለም፣ ለማን እንደሚነፋ ግን የነፊውም ልብ አያውቅም። ቦራን ለቀቅኳት። የጎማውን ሹክሹክታ ሰማሁት።

አያ አስፋው በረንዳቸው ላይ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል፣ እቴ በላይነሽ ከኋላቸው ቆማለች። ፍጥነቷን ቀነስኩ፣ አንገቴን ሰበርኩ፣ ቁልፏን ተጫንኩ። ያው ድምፅ ወጣ፤ ያው ራሱ፣ ከደረት። የሽማግሌው ፊት እንደ ሕፃን በራ፣ ዱላቸው ተነሣች፤ ግማሽ መንገድ ደርሳ አየር ላይ ቆመች።

ያችን ዱላ በልጅነቴ እንዲህ ቆማ አይቻት ነበር። መኪናዋን አቁሜ ወረድኩ፣ ወደ በረንዳው ሄድኩ።

«ይመር አይደለም» አሉ አያ አስፋው።

«ቦራ እኮ ናት፣ አባባ» አለች እቴ በላይነሽ።

«ቦራስ ናት። እጁ ነው የይመር ያልሆነው። ይመር ገና ሲመጣ ጉሮሮዋን ይጠርግላት ነበር።» በጣታቸው ዱላቸውን መቱ፤ አንድ ጊዜ ነካ፣ ትንሽ ዝም፣ ከዚያ ረዘም። «ይህች ሳትጠርግ ገባች። ማን ነው ያለው?»

የምትቁነጠነጠው የአባቴ አውራ ጣት ያን ጊዜ ዐይኔ ላይ መጣች። ልጅነቴን ሙሉ ከዚያች ጣት አንድ ስንዝር ርቄ ተቀምጫለሁ፤ የሾፌር ዐመል ነው ብዬ። ሰው ቤት ከመግባቱ በፊት ደጅ ላይ እንደሚስል፣ አባቴ ታላቅ ሰውን ሰላም ከማለቱ በፊት ስሎ ነበር የሚገባው፤ ያንን የሰማው ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሰው እንጂ እኔ አይደለሁም።

«እኔ ነኝ፣ አያ። ፋጤ ነኝ፣ የይመር ልጅ።»

ፊታቸው ወደ መንገዱ እንደዞረ ነው። «ይመር በሕይወት ቢኖር» አሉ፣ «ለእኔ ሰላም ሰው አይልክም ነበር።» «አላህ ይዘንለት» አሉ። እሳቸው ክርስቲያን፤ ለእሱ ግን በእሱ ወግ። ከዚያ አየር ላይ የቀረችውን ዱላ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረጓትና ወደ እኔ ዘወር አሉ።

«እንደምን ዋልሽ፣ ልጄ።»

እጃቸውን ይዘን ወደ ቤት አስገባናቸው፤ ሳይከራከሩ ገቡ።

እኔ የጠገንኳት አንድ ከሰዓት የይመርን መምጣት ልሰጣቸው ብዬ ነበር፤ ያመጣሁላቸው መርዶውን ሆነ። ሰው የነገራቸውን ሁሉ የሚረሱት ሽማግሌ ግን ጆሯቸው የነገራቸውን አልረሱትም። እቴ በላይነሽ እንደምትለኝ ከዚያ ቀን ወዲህ ፀሐይ ስታዘነብል በራሳቸው ተነሥተው ይገባሉ፤ ሳላቸውም ሻል ብሎላቸዋል። ደስ ሊለኝ ይገባል፣ ደስም ይለኛል፤ እንዲህ ያለ ጆሮ ምድር ላይ እንዳለ በማየቴ እስከ ዛሬ እገረማለሁ። መርሳ በሄድኩ ቁጥር ግን ማንጎው ሥር ቦራ ውስጥ እገባና አውራ ጣቴን አሰለጥናለሁ፤ አንድ ጊዜ ነካ፣ ትንሽ ዝም፣ ከዚያ ረዘም። ሞላ ተተካ፣ መዳቡ በራ፣ ፈረሱም ወርቁን ለበሰ፤ ጣቴም አንድ ቀን ይለምድ ይሆናል። «ይመር ገባ እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን በዚያ መንገድ ላይ ከእንግዲህ የለም።